አርባ ሦስት ሳንቲም

ሂርማታ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣
ጀንበር ከቆርቆሮው ጣራ ሳትዘል ስንገባ፣
ሚዛን፣ ሜትር፣ ግፊት መለኪያ፣ ባለ መርፌ መጨበጫ፣
አርባ ሦስት ሳንቲም ከፍታ ያለው የፕላስቲክ መቀመጫ፣
መቶ ሃያ መጠይቅ ደግሞ በሰማያዊ ክላሴር፤
የሰውን ጉልበት በቁጥር፣ ያለ ቁና ልንሰፍር።

ጫኝና አውራጁ ሁሉ ሥራውን አቋርጦ ቆሞ፣
እየሳቀ፣ እየተራረበ፣ አንዱ ካንዱ ቀድሞ፣
«ይህን ነገር ስጨብጠው ቢሰበርስ ማን ይከፍላል?»
«አይሰበርም፤ ጨብጠው።» «እሺ እንግዲህ፣ ጉድ ይፈላል!»

ሙዘይን አባ ፊጣ መጣ፤ ትከሻው ላይ የጆንያ ክር፣
ጆሮው ላይ እስክሪብቶ (ቆጣሪም እሱ ነው፣ ሲቸግር)።
ጨበጠ። ጅማቱ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተገተረ፤
መርፌዋ ሃምሳ ስምንት ላይ ስትቆም ሰልፉ ሰከረ።
በሦስት ሳምንት ልኬቴ እዚያ የደረሰ የለም፤
ጻፍኩና ቀጠልኩ፣ ከቅጹ አንዲት መስመር አልዘልም፦

«ስፖርት በሳምንት ስንት ቀን?»
«ስፖርት? ኧረ ምንም።»
«ሩጫስ?»
«ማን አባሮኝ?»
«ክብደት ማንሣትስ?»
ዞረና አየ
ጣራ የነካውን ክምር፣ ሰባ ሰባ ኪሎውን።
ከዚያ እኔን አየ። አልመለሰም።
ለዝምታ የተሠራ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም፤
«እንቅስቃሴ የማያደርግ» ከሚለው ፊት
ራይት አደረግሁ።

ክንዱን ጠቀለልኩ፤ ነፋሁ፤ አስተነፈስኩ፤ ሰማሁ፤
መቶ ሰባ ሁለት በመቶ አራት። ተሳስቼ እንዳይሆን ሰጋሁ።
በሌላው ክንድ ደገምኩት። ያው ነው።
«ብዙ ነው?» አለኝ።
«ነው።»
«ከሁሉም?»
«ከሁሉም።»
እጁን ወደ ሰማይ፦
«በሉ እንግዲህ! እዚህም አንደኛ ወጣሁ!»
ሰልፉ አጨበጨበ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? ይህ ጨዋታ የተገላቢጦሽ ነው፤
ትንሽ ያመጣ ነው የሚረታው፣ ብዙ ያመጣ ነው የሚያሰጋው።
በክፍል የተማርኩት ይህን ነው፦ ጡንቻ በሸክሙ አይገነባም፤
ሸክም ይሰነጥቀዋል እንጂ፤ ካላረፈ አይረባም።
ሙዘይን የት ነው የሚያርፈው? በሁለት አይሱዙ መሀል፣
አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ ጎማ ተደግፎ ያሸልባል።
ላብ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፣ የስታዲየሙና የገበያው፤
ደም ሥር ግን ይለያል መሰል ፈቃዱን ከግዴታው።

ሪፈር ጻፍኩለት።
«ይህችን መኪና ላራግፍ» አለ፤ ወረቀቷን አራት አጠፈ፤
ከኮፍያው ሥር ሸጎጣትና ጆንያ ተሸክሞ አለፈ።

ከቀትር በኋላ አዴ ዘምዘም፣ ከጅሬን እንጨት አውርደው፣
ሸጠው፣ ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው፣
«እኔንስ?» አሉ ቀረብ ብለው።
ለአረጋውያን ፈተናው ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፤
ሠላሳ ሰከንድ፤ እጅ በደረት፤ የሰዓቱ ድምፅ ይደመጥ።
ተቀመጡ፤ እግራቸው መሬቱን በጣት ብቻ ዳሰሰ፤
«ወንበር ነው ወይስ ዛፍ?» ብለው ወረዱ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ከአናጺው ደጅ ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ አስመጡ፣
ወደ መሬት ቀረብ ብለው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ።
ከዚያ ተነሡ። ደገሙ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል፤
አሥራ ስድስት! (ባልደረባዬ ሞክሮ በአሥራ አንዱ ወገቤን ይላል።)

በርጩማዋን ለካኋት፦ ሃያ ስድስት። ደወልኩ ለአማካሪው፤
«መስፈርቱ አርባ ሦስት ነው፤ ይሰረዙ» አለኝ ሰውየው።
ሰረዝኩ። በቀይ።
«አለፍኩ?» አሉኝ፣ ገመዳቸውን እያጠበቁ።
«አልፈዋል» አልኩ።

ሰኞ ለቀሪው ብመለስ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ በር
በከሰል ተጽፎበታል፣ ስም በስም፣ ቁጥር በቁጥር፦
ሙዘይን 58። ራህመቶ 51። ሸምሱ ቀጭኑ 49።
«ሆስፒታሉስ?» አልኩት።
«እንዲህ የሚጨብጥ ሰው ይታመማል?»
መቶ ሰባ ሁለትን በሩ ላይ ፈለግኋት፤ የለችም።
ከሁሉም በታች ግን፣ በሌላ እጅ፣
ፊደሉ ወደ መሬት እያዘነበለ፦
አዴ ዘምዘም 16።